ለትንሽ የአማተር ሬዲዮ ክለብ የቱ ይሻላል? ከጣና ዳር ለሚወጡ የውድድርና የውጪ ፕሮግራም መምረጫ

አማተር ሬዲዮ ማለት ፈቃድ አውጥቶ ለትርፍ ሳይሆን ለፍቅሩ በሬዲዮ ከሩቅ ሰው ጋር መገናኘት ነው፤ ውድድሩ ደግሞ በተወሰነ ሰዓት ውስጥ ከብዙ ጣቢያ ጋር መገናኘት ነው። ክለባችን ውስጥ መስከረም ሲጠባ ሁሌ አንድ ጥያቄ ይነሳል። «ዘንድሮ የቱን እንግባ?» አንዱ የ48 ሰዓቱን ትልቅ ውድድር ይላል። ሌላዋ ሬዲዮውን ተሸክመን ዘጌ እንውጣ ትላለች። ሦስተኛው ደግሞ አሜሪካኖች በየዓመቱ ድንኳን ጥለው የሚያካሂዱት ፊልድ ዴይ ልቡን ወስዶታል። ሁሉም ደስ ይላሉ። እኛ ጋ ግን ያለው አንድ ሬዲዮ፣ ሁለት ባትሪና ሰባት ሰው ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ቢበዛ ሦስት ጊዜ ነው ሁላችንም ተሰብስበን መሥራት የምንችለው። ስለዚህ መምረጥ ግድ ይላል።

አንድ ዓመት ተሳስተን መርጠናል። የሐምሌው ውድድር 24 ሰዓት ብቻ ስለሆነ ይቀላል ብለን ሐይቁ ዳር ሽቦ ዘረጋን። ቅዳሜ ከሰዓት ጥሩ ነበር። ሲመሽ ደመናው ከሐይቁ ላይ ተነስቶ መጣ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ መብረቁ ሲቀርብ የአንቴናውን ገመድ ከሬዲዮው ነቅለን ወደ ውጪ ጣልነው። ሌሊቱን ሙሉ ሸራ ስር ተቀምጠን ዝናብ ስናዳምጥ አደርን። የዚያን ሌሊት ነው ነገሩ የገባኝ። የሬዲዮው ዓለም ካላንደር የተሠራው ለአውሮፓና ለአሜሪካ በጋ ነው። እነሱ ፀሐይ የሚሞቁባቸው ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ለእኛ ክረምት ናቸው። ስለዚህ ባሕር ዳር ላይ ያለ ክለብ ከዝናው በፊት ወሩን ማየት አለበት።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው ክረምቱ ነው። ጉዳቱ ሁለት ነው። አንደኛው የመብረቅ አደጋው ራሱ ነው፤ ሜዳ ላይ የተሰቀለ ሽቦ ቀልድ አያውቅም። ሁለተኛው ጫጫታው ነው። ሩቅ አገር የሚመታ መብረቅ እንኳ በ80 እና በ160 ሜትር ባንድ (የሬዲዮ ሞገድ ክልል) ላይ ጆሮ የሚበጥስ ፍንዳታ ሆኖ ይሰማል። በክረምት እነዚህን ባንዶች ከጣና ዳር መጠቀም በጣም ከባድ ነው።

ሁለተኛው ሰው ነው። በድምፅ የሚሠራ ሰው ሁለት ሰዓት ያህል በደንብ ይሠራል። ከዚያ በኋላ ጉሮሮው ይዘጋል፤ ኮልሳይን (የጣቢያ መለያ ስም) መሳሳት ይጀምራል። ስለዚህ 48 ሰዓት ሳይቋረጥ ለመሥራት ቢያንስ ስድስት የሚፈራረቅ ሰው ያስፈልጋል። ከአጠገባቸው የሚመዘግብ፣ ሻይ የሚያፈላ፣ ባትሪ የሚያይ ሰው ሳይቆጠር ነው።

ሦስተኛው ኃይል ነው። እዚህ ላይ ቁጥር መያዝ ይጠቅማል። 100 ዋት የሚያወጣ ሬዲዮ በ12 ቮልት ሲያሰራጭ እስከ 20 አምፔር ገደማ ይስባል። ሲያዳምጥ ግን ከ1 እስከ 2 አምፔር ቢሆን ነው። ማዳመጡንና በቃላት መሃል ያለውን ክፍተት ቆጥረን እኛ በአማካይ 4 አምፔር ብለን እናሰላለን። ይህ በ24 ሰዓት ወደ 96 አምፔር-ሰዓት ይመጣል። የመኪና ባትሪ ከግማሽ በታች መውረድ ስለሌለበት ባለ 100 አምፔር-ሰዓት ሁለት ባትሪ ያስፈልጋል ማለት ነው። ለ48 ሰዓት አራት። በ10 ዋት ከሠራችሁ ግን አማካዩ ወደ 1 አምፔር ይወርዳል፤ አንድ ባትሪ ቀኑንም ሌሊቱንም ይበቃል።

አራተኛውን ብዙዎች ይረሱታል። ከኢትዮጵያ የምንልከው ውጤት ይቆጠራል ወይ? ደንቡ ለእኛ በሩን የዘጋ ፕሮግራም አለ። ከታች እመጣበታለሁ።

አምስተኛው፣ ለእኛ ለኢትዮጵያ ጣቢያ የሚያደላ ነገር አለው ወይ? «ኢቲ» ብሎ የሚጀምር ኮልሳይን አየር ላይ ብዙ አይሰማም። አዲስ አበባ 5 ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ ሲወጣ ሰው እንዴት እንደሚሻማ የሰማ ያውቀዋል። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። አንዳንዱ ውድድር ይህን ሀብት ወደ ነጥብ ይለውጠዋል፤ አንዳንዱ አይለውጠውም።

ወደ ምርጫዎቹ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልናገር። የሁሉም ሰዓት የሚወጣው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ነው። ወደ ሀበሻ ሰዓት ለመቀየር 3 መቀነስ ብቻ ነው። ዩቲሲ 12 ሰዓት ለእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ዩቲሲ 6 ደግሞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት።

ሲኪው ወርልድ ዋይድ፦ ትልቁ

መግቢያው ላይ ያነሳሁት የ48 ሰዓቱ ትልቅ ውድድር ይህ ነው። በንግግር የሚሠራበት የድምፁ ውድድር የሚካሄደው በኦክቶበር የመጨረሻ ሙሉ ቅዳሜና እሁድ ነው። በእኛ ጥቅምት አጋማሽን ሲያልፍ ማለት ነው። ዝናቡ አልቋል፤ ሰማዩ ጠርቷል፤ መሬቱ ገና አረንጓዴ ነው። በአጭርና ረጅም ጩኸት ፊደል የሚላክበት የሞርሱ ደግሞ ከወር በኋላ፣ በኖቬምበር የመጨረሻ ሙሉ ቅዳሜና እሁድ፣ በህዳር ይመጣል። ሁለቱም ለባሕር ዳር የተመረጠ ጊዜ ላይ ናቸው።

የሚጀምረው ለቅዳሜ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። የሚያልቀው ለሰኞ አጥቢያ በዚያው ሰዓት ነው። 48 ሰዓቱን ሙሉ መቀመጥ ግን ግዴታ አይደለም። አሥር ሰዓት ሠርታችሁም ሎግ (የግንኙነቶቻችሁን መዝገብ) መላክ ትችላላችሁ። ይህን የማያውቁ ክለቦች ገና ርዝመቱን ሰምተው ይሸሻሉ።

እኔ በጣም የምወደው የነጥቡን አሠራር ነው። ከሌላ አህጉር ጋር የተደረገ ግንኙነት 3 ነጥብ ነው። እዚያው አህጉር ውስጥ ከሌላ አገር ጋር ከሆነ 1 ነጥብ። እስቲ አስቡት። አንድ ጣሊያናዊ ከጀርመን ጋር ሲያወራ 1 ነጥብ ያገኛል። እኛ ከዚያው ጀርመናዊ ጋር ስናወራ 3 እናገኛለን። አውሮፓ፣ እስያ፣ አሜሪካ፣ ሁሉም ለእኛ ሌላ አህጉር ናቸው። በዚያ ላይ ውድድሩ ዓለምን በዞን ይከፋፍላል፤ ኢትዮጵያ ያለችበት ዞን 37 ለሌሎቹ ማባዣ (ጠቅላላ ነጥባቸው የሚባዛበት) ነው። አገራችንም ራሷ ሌላ ማባዣ ናት። ስለዚህ የሚጠራን ሰው ሁለት ጥቅም ይዞ ይሄዳል፤ ደክሞት እንኳ ቢሆን ሳይመዘግበን አያልፍም።

ለጀማሪም ይመቻል። የምትሰጡት መልእክት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት ነው፦ 59 (ጥሩ ትሰማለህ ማለት ነው) እና 37 (ዞናችን)። አዲስ አባል በግማሽ ሰዓት ይለምደዋል። የሚከብደው ሃምሳ ሰው በአንድ ላይ ሲጠራ አንዱን ለይቶ መስማት ነው። መፍትሔው ሁለት ፊደል ሰምቶ በዚያ መያዝ፣ ከዚያ ሰው ጋር ሳይጨርሱ ሌላ አለመቀበል ነው። ሥርዓት የያዘ ኦፕሬተር ሁሉንም ያስተናግዳል።

ክፉ ጎኑ ኃይሉና ጫጫታው ነው። ባትሪው አራት ስለሚያስፈልግ መብራት ባለበት ቤት ወይም ግቢ ሆኖ ባትሪውን ለመጠባበቂያ መያዝ ይሻላል። ከተማ ውስጥ ግን ርካሽ አምፖልና ቻርጀር የሚፈጥሩት ጫጫታ ደካማ ጣቢያዎችን ይውጣል። ሎጉን ደግሞ ውድድሩ ካለቀ በ5 ቀን ውስጥ መላክ አለባችሁ። ኢንተርኔት ሊጠፋ ስለሚችል ሰኞውኑ ላኩት። መመዝገቢያ ከፈለጋችሁ ኤን1ኤምኤም የሚባለው ፕሮግራም ነፃ ነው፤ ዊንዶውስ ባለው አሮጌ ላፕቶፕም ይሠራል።

ዳብሊውፒኤክስ የሚባለው ወንድሙ በመጋቢት ለድምፅ፣ በግንቦት ለሞርስ ይመጣል። እሱም 48 ሰዓት ነው። ማባዣው አገር ሳይሆን የኮልሳይኑ መነሻ ነው። ችግሩ የምትሰጡት ቁጥር በየግንኙነቱ አንድ እየጨመረ መሄዱ ነው። ለለመደ ሰው ምንም አይደለም። ለጀማሪ ግን ስህተት ያበዛል። የመጋቢቱ ብዙ ጊዜ ዐቢይ ጾም ላይ ስለሚውል ፈረቃውን አጠር አድርጋችሁ አውጡ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ያለ ክለብ ይሞክረው።

የሐምሌው የአይኤአርዩ ሻምፒዮና

የዓለም አቀፉ የአማተር ሬዲዮ ኅብረት (አይኤአርዩ) ውድድር ነው። ወረቀት ላይ ሲታይ ከሁሉም ይበልጣል። ከቅዳሜ ቀን 9 ሰዓት እስከ እሁድ ቀን 9 ሰዓት፣ 24 ሰዓት ብቻ ነው። ከሌላ አህጉር ጋር 5 ነጥብ ይሰጣል። የምትሰጡት የአይቲዩ (የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት) ዞን ነው፤ የእኛ 48 ነው። ከሲኪው 37 ጋር አታምታቱት።

ግን በጁላይ ሁለተኛው ሙሉ ቅዳሜና እሁድ ነው የሚውለው። የሐምሌ መግቢያ ማለት ነው። በዚያ ላይ በርካታ ኦፕሬተር ላለው ቡድን ያለው ምድብ ድምፅና ሞርስ የተቀላቀለበት ነው። ሞርስ የሚችል ሰው ከሌላችሁ ግማሹን ሜዳ ለሌላ ትታችሁ ነው የምትወዳደሩት። በደንብ የተሠራ ኧርዝ (ወደ መሬት የተቀበረ ሽቦ) ያለው ቋሚ አንቴናና ሞርስ የሚያውቅ ሰው ያለው ክለብ ይግባበት። ሜዳ ላይ ግን አይሞከርም።

ፊልድ ዴይ የሚባሉት ሦስቱ

ስሙ አንድ ስለሆነ ሰው ያምታታቸዋል።

የአሜሪካኖቹ በፈረንጆቹ 1933 የተጀመረ ነው። በጁን አራተኛው ሙሉ ቅዳሜና እሁድ ይካሄዳል። ቪዲዮው ያማልላል፤ ድንኳን፣ ጄኔሬተር፣ ልጆች። ደንቡ ግን ከአሜሪካ አህጉሮች ውጪ ያለ ጣቢያ ውጤት እንዲያስገባ አይፈቅድም። እነሱ እኛን ጠርተው ነጥብ ያገኛሉ። እኛ ግን ሎግ ማስገባት አንችልም። ለዚህ ብላችሁ በሰኔ ጭቃ ውስጥ ድንኳን እንዳትተክሉ።

ሁለተኛው፣ በዓለም አቀፉ የሬዲዮ ክፍፍል አፍሪካም ያለችበት የክልል 1 ፊልድ ዴይ ነው። የሞርሱ በጁን መጀመሪያ፣ የድምፁ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ነው። የድምፁ ጳጉሜ አካባቢ ይውላል። ዝናቡ ገና አልወጣም። ደንቡንና ውጤቱን የሚያወጡትም የየአገሩ ማኅበራት ናቸው። ስለዚህ ሎጋችሁን ማን እንደሚቀበል ሳታረጋግጡ አትውጡ።

ሦስተኛው ዊንተር ፊልድ ዴይ ነው። በጃንዋሪ የመጨረሻ ሙሉ ቅዳሜና እሁድ ይካሄዳል። እነሱ በበረዶ ውስጥ ሬዲዮ ማሠራትን ሊለማመዱ ያወጡት ነው። ለእኛ ግን ጥር ነው! ጥምቀት አልፏል፤ መሬቱ ደርቋል፤ ሌሊቱ ጋቢ ቢያስፈልገውም ዝናብ የለም። ከየትኛውም አገር መግባት ይቻላል። ከፍተኛው ኃይል 100 ዋት ስለሆነ ትልቅ አምፕሊፋየር ያለው አይበልጠንም። አብዛኛው ተሳታፊ ሰሜን አሜሪካ ነው። እነሱ ከእኛ በደንብ የሚሰሙት ከቀትር በኋላና ምሽት ላይ ነው። ጠዋቱን ለሥልጠና፣ ለምሳና ለአንቴና ማስተካከያ መጠቀም ትችላላችሁ። ውጪ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያድር ክለብ ካለ እኔ ይህን እመክራለሁ።

ፓርክና ደሴት

ፓርክስ ኦን ዘ ኤር ማንም ማንንም የማያሸንፍበት ነው። የተመዘገበ ፓርክ ውስጥ ገብታችሁ በአንድ የዩቲሲ ቀን 10 ግንኙነት ካደረጋችሁ ፓርኩ ተሠራ ይባላል። የዩቲሲ ቀን ለእኛ የሚቀየረው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ስለሆነ ከጠዋት እስከ ማታ ያለው ሁሉ አንድ ቀን ነው። ተመሳሳዩ የዓለም አቀፍ ዕፅዋትና እንስሳት ፕሮግራም 44 ግንኙነት ይጠይቃል። ብዙ ይመስላል፤ ግን ለኢትዮጵያ ኮልሳይን ባንዱ ክፍት ከሆነ 44 ሰው ማግኘት ያን ያህል አያስቸግርም።

ወጪው ትንሽ ነው። የ10 ዋት ሬዲዮ፣ አንድ የባጃጅ ባትሪ፣ 10 ሜትር ሽቦ። ለ20 ሜትር ባንድ ዳይፖል (ሁለት ክንድ ያለው የሽቦ አንቴና) በግራ 5 በቀኝ 5 ሜትር ሽቦ ይበቃል። ሦስት ሰው ሄዶ በአንድ ከሰዓት ጨርሶ ይመለሳል።

ሁለት ነገር ግን ከቤት ሳትወጡ ጨርሱ። አንደኛ፣ ቦታው ዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን እዩ። ጣና በፈረንጆቹ 2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። ይህ ማለት ግን በራሱ የሬዲዮ ፕሮግራሙ ዝርዝር ውስጥ አለ ማለት አይደለም። ወሰኑንም እዩ፤ ሬዲዮውም ሰውም ከወሰኑ ውስጥ መሆን አለባቸው። ሁለተኛ፣ አዳኞቹ፣ ማለትም ፓርክ የወጣ ጣቢያን እየፈለጉ የሚጠሩት፣ የሚያገኟችሁ ኢንተርኔት ላይ በሚለጠፍ ማስታወቂያ ነው። ዳታ ከሌለ ማንም አያውቃችሁም። የምትወጡበትን ሰዓትና ፍሪኩዌንሲ ከቀናት በፊት ለጥፉ።

ስለ ደሴት ደግሞ በየዓመቱ የሚነሳ ሐሳብ አለ። «ጣና ላይ 37 ያህል ደሴት አለ፤ ለምን አይላንድስ ኦን ዘ ኤር አንገባም?» ከፈረንጆቹ 1964 ጀምሮ የሚሠራ የታወቀ ፕሮግራም ነው። ግን የሚቆጥረው የባሕር ደሴቶችን ብቻ ነው። የሐይቅ ደሴት አይቆጠርም። ደቅም ይሁን ክብራን፣ ለዚህ ፕሮግራም ዋጋ የላቸውም። ያሳዝናል፤ ደንቡ ግን ደንብ ነው።

የስካውቶች ጃምቦሪ በሬዲዮ

በኦክቶበር ሦስተኛው ቅዳሜና እሁድ የሚካሄድ ነው። ነጥብ የለውም። ልጆች ከሌላ አገር ስካውት ጋር ሰላም ይባባላሉ፤ ፈቃድ ያለው ሰው አጠገባቸው ይቀመጣል። አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ስሟን በፎነቲክ ፊደል ስትናገር ፊቷ ላይ የሚታየውን ማየት ለእኔ ከዋንጫ ይበልጣል። ለምርጫችን ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ከትልቁ የጥቅምት ውድድር አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይመጣል። አንቴናውን አንድ ጊዜ ሰቅላችሁ ለሁለቱም ትጠቀሙበታላችሁ። የላላው ሶኬት፣ የተበላሸው ማይክ ያን ቀን ይታወቃል።

በአንድ ላይ ሲታዩ

| ምርጫ | በእኛ ወር | ርዝመት | አየሩ ባሕር ዳር ላይ | የሚበቃ ሰው | ወጪ | የእኛ ውጤት ይቆጠራል? |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ሲኪው ወርልድ ዋይድ፣ ድምፅ | ጥቅምት | 48 ሰዓት፣ ከፊሉም ይቻላል | በጣም ጥሩ | 4–8 | መካከለኛ | አዎ |
| ዳብሊውፒኤክስ፣ ድምፅ | መጋቢት | 48 ሰዓት | ጥሩ፣ ሞቃት | 4–8 | መካከለኛ | አዎ |
| አይኤአርዩ ሻምፒዮና | ሐምሌ | 24 ሰዓት | መብረቅ | 3–5፣ ሞርስ የሚችል ጭምር | መካከለኛ | አዎ |
| የአሜሪካ ፊልድ ዴይ | ሰኔ | ከ24 ሰዓት በላይ | ዝናብ | – | ከፍተኛ | አይቆጠርም |
| ክልል 1 ፊልድ ዴይ፣ ድምፅ | ጳጉሜ አካባቢ | 24 ሰዓት | ዝናብ አልወጣም | 4–6 | ከፍተኛ | ተቀባይ ማኅበር ካለ |
| ዊንተር ፊልድ ዴይ | ጥር | ሁለት ቀን | በጣም ጥሩ | 4–7 | ከመካከለኛ በላይ | አዎ |
| ፓርክ | በጋ ሙሉ | ጥቂት ሰዓት | የራሳችሁ ምርጫ | 2–3 | ዝቅተኛ | ቦታው ከተመዘገበ |
| የስካውት ጃምቦሪ | ጥቅምት | የፈለጋችሁትን ያህል | ጥሩ | 2 እና ልጆች | ዝቅተኛ | ነጥብ የለም |

ቦታው የት ይሁን?

አንዳንዶች ሐይቅ ዳር ስለሆንን ሲግናላችን ይበረታል ይላሉ። ይህ እውነት የሚሆነው ለጨው ውኃ ነው። የጣና ውኃ ጨው የሌለው ስለሆነ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ከባሕር ውኃ በመቶዎች እጥፍ ያንሳል። ሐይቁ የሚሰጠን ሌላ ነገር ነው። ከደቡብ ዳርቻው ሆነን ወደ ሰሜን ስናይ ፊታችን ሜዳ ነው፤ ቤትም ተራራም በቅርብ አይጋርድም። አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ደግሞ ከእኛ ወደ ሰሜን ምዕራብ ናቸው። ዳይፖሉን ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ ዘርጉት፤ ጎኑ ወደዚያው ያይላችኋል።

ከተማው ዳርቻ ለመጓጓዣ ቀላል ነው። ግን የመብራቱ ጫጫታ አለ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ሌሊት ጉማሬ ሣር ሊግጥ ይወጣል። ውኃ ዳር ሽቦ አስራችሁ አታድሩ። አጎበርም አትርሱ።

ዘጌ ለእኔ አንደኛ ነው። የቡናው ጫካ ውስጥ ረጃጅም ዛፍ አለ፤ የኤሌክትሪክ ጫጫታው ያንሳል። በጀልባ ከሆነ ጠዋት ውጡ፤ ከሰዓት ሐይቁ ነፋስ ያነሳና ማዕበሉ ዕቃ ያረጥባል። የገዳሙንና የአካባቢውን ሰዎች ሳታስፈቅዱ ግን አንድ ገመድ አትወርውሩ። የቤተ ክርስቲያን ዛፍ ላይ ደግሞ በፍጹም። ክብራን ገብርኤል ሴቶች ስለማይገቡበት ሴት አባላት ላሉት ክለብ አይሆንም። ቤዛዊት ኮረብታ ከፍታው ያጓጓል፤ ነገር ግን ቤተ መንግሥቱ ያለበት ጥበቃ የሚደረግለት ቦታ ነው። ያለ ፈቃድ አንቴና ይዞ መውጣት አይታሰብም።

እንደ አቅማችሁ

ሁለት ሦስት ሰው ሆናችሁ ገንዘብም ከሌለ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ቅዳሜዎች አንዱን ምረጡና ፓርክ ውጡ። 10 ዋት ይበቃችኋል።

አዲስ አባል መሳብ ከሆነ ዓላማችሁ፣ የስካውት ጃምቦሪውን ያዙና በዚያው አንቴና የጥቅምቱን ውድድር አሥር ሰዓት ብቻ ሥሩ። ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽት። በቀን 10፣ 15 እና 20 ሜትር ላይ ናችሁ፤ ማንም እንቅልፍ አያጣም። የፀሐይ ዑደቱ በፈረንጆቹ 2024 አካባቢ ጫፍ ላይ ስለነበር ላይኛዎቹ ባንዶች አሁንም ሕይወት አላቸው። ዑደቱ እየወረደ ሲሄድ ትኩረታችሁን ወደ 20 ሜትር አምጡ።

ውጤት ሰንጠረዥ ላይ ስማችሁን ማየት ከፈለጋችሁ፣ ስድስት ሰውና መብራት ያለበት ግቢ አግኝታችሁ 48 ሰዓቱን ሙሉ ሥሩ። ለአደጋ ጊዜ ግንኙነት ራሳችሁን ማዘጋጀት ከሆነ ደግሞ ገንዘቡን ለጥር አስቀምጡ። ከመብራት ኃይል ሳትበደሩ አንድ ሌሊት ማደር የሚያስተምረውን ቤት ውስጥ አታገኙትም።

የትኛውንም ብትመርጡ ወረቀቱ ይቀድማል። የጣቢያው ፈቃድ ከመደበኛ ቦታው ውጪ መሥራትን የሚፈቅድ መሆኑን ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አረጋግጡ። ለቀበሌውና ለፀጥታ አካላት በጽሑፍ አሳውቁ። ሜዳ ላይ ሽቦ ዘርግቶ በማይታወቅ ቋንቋ የሚያወራ ሰው ያየ ሁሉ ይጠይቃል፤ መጠየቁም ተገቢ ነው። የፈቃዱን ቅጂ ከሬዲዮው ጋር አንድ ሻንጣ ውስጥ አድርጉ። አካባቢው ሰላም መሆኑን በዚያው ሳምንት ሳታጣሩ አትውጡ። ደብዳቤ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ጊዜ ይወስዳል። የጥቅምቱን የምታስቡ ከሆነ ነሐሴ ላይ አስገቡት፤ የጥሩን ደግሞ ህዳር ሳያልቅ።